የእህቴ ስኒ ላይ ምልክት አደረግሁ፤ አየችው

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የሰው ችግር ሳነብ «ይሄማ ቀላል ነው» እል ነበር። አሁን ተራው የኔ ሆነ።

35 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለትዳር ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትንሿ አራት። ከእኔ ዘጠኝ ዓመት የምታንስ እህት አለችኝ። ያደግነው መንዝ ነው፤ እናታችን አሁንም እዚያው ናት። እህቴ ሸዋ ሮቢት ትዳር ይዛ ነበር። ትዳሩ ፈረሰና ከመስቀል በኋላ ሻንጣዋን ይዛ እኔ ጋ መጣች። ልጆቼ በጣም ይወዷታል። ብርዱን ያውቁታል፤ ሦስቱም አንድ ባና ለብሰው ነበር የሚተኙት።

ኅዳር ላይ አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለችኝ። ኤችአይቪ በደሟ ውስጥ እንዳለ፣ መድኃኒት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት እንደሆነ ነገረችኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። «እኔ እያለሁልሽ ምንም አትሆኚም» አልኳት። ከልቤ ነበር።

ሲነጋ ግን እጄ ሌላ ነገር ሠራ። የቡና ስኒዎቼ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱን ገለበጥኩና ቂጡ ላይ በቀይ ኩቴክስ ነጥብ አደረግሁበት። ከዚያ በኋላ ቡና ስቀዳ እሱን ለእሷ እሰጣለሁ። ልጆቹንም «አክስታችሁ ደክሟታል፣ ትረፍ» ብዬ ወደ እኛ ክፍል አመጣኋቸው።

አንድ እሑድ ቡናውን ያፈላችው እሷ ነበረች። ስኒዎቹን ስታጥብ አንዱን ገልብጣ አየችው። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ገልብጣ አየች። ምንም አላለችም። ነጥብ ያለበትን ከራሷ ፊት አስቀመጠችና ለሁላችንም ቀዳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ስኒ ራሷ መርጣ ነው የምታነሣው። ገበያ ወጥታ የራሷን የፕላስቲክ ሳህን ገዛች። ምግብ ሲቀርብ «ቅድም ቀምሻለሁ» ትላለች። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኳ ይጮኻል፤ ሽንት ቤት ገብታ ኪኒኗን ትውጣለች። ጠርሙሱ እንዳይንኳኳ ጥጥ ጠቅጥቃበታለች።

የባሰው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋ ጣቷን ቆረጣት። ትንሿ ልጄ ሮጣ ሄዳ ጣቷን ይዛ «እፍ፣ እፍ» አለችላት። ደሙ የልጄ መዳፍ ላይ ነበር። ጮኽኩ። ልጅቷን ነጥቄ በኦሞ አጠብኳት። ሽንኩርቱን ከነመክተፊያው ጣልኩት። እህቴ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ወጣች። በዚያ ብርድ ደጅ ድንጋይ ላይ ብዙ ቆየች።

ልጄን ላስመርምራት? እህቴ «ቫይረሱ አይታይም ብለውኛል» ትላለች። የማይታይ ከሆነ ለምን በየቀኑ ኪኒን ትውጣለች? እየደበቀችኝ ይሆን? ቁንጫስ? እሷን የነከሰ ቁንጫ ልጆቼንም ይነክሳል። ባለቤቴ ምንም አያውቅም፤ ልንገረው? እናታችን ደግሞ ሰምታ «ኪኒኑን ተዪና ሸንኮራ ዮሐንስ ሄደሽ ተጠመቂ» እያለቻት ነው። ገና 26 ዓመቷ ነው፤ ትዳርም ልጅም ቀረባት ብዬ ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። ከቤቴ እንድትወጣ አልፈልግም። ልጆቼም እንዲታመሙ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

ጭንቀታም እህት፣ ከደብረ ብርሃን»

እህቴ፣

ከትንሿ ልጅሽ ልጀምር። የሷ ነገር ሳይለይልሽ ሌላውን ብነግርሽ አይሰማሽም።

ልጅሽ በዚህ አልተያዘችም። የአክስቷ ደም መዳፏን ነካ እንጂ ወደ ሰውነቷ አልገባም። ኤችአይቪ ደኅና ቆዳ አልፎ መግባት አይችልም። መርፌ ወይም ስለት ሥጋ ውስጥ ይዞት ካልገባ፣ ወይም እንደ ብልት ያለ ስስ የውስጥ ሽፋን ካላገኘ መንገድ የለውም። መጠኑ እንዲገባሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። መድኃኒት ካልጀመረ ሰው ደም የተቀዳበት መርፌ አንዲትን ነርስ ጣቷን ቢወጋት፣ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ቢወጣ እንኳ፣ የመያዝ ዕድሏ ከ1,000 ወደ 3 ያህል ነው። እሷም ዝም ብላ አትቀመጥም፤ በ72 ሰዓት ውስጥ መከላከያ መድኃኒት ትጀምርና ለ28 ቀን ትወስዳለች። ያንቺ ልጅ ያደረገችው «እፍ» ማለት ነው። የነካትም መድኃኒት በአግባቡ የምትወስድ ሴት ደም ነው።

ስለዚህ ለዚህ ብለሽ አታስመርምሪያት። ልጅቷን ይዘሽ ስትወጪ እህትሽ የት እንደምትሄዱ ሳይነገራት ይገባታል። «ካልሰማሁ አይሆንልኝም» ካልሽ መጀመሪያ ብቻሽን ጤና ጣቢያ ሂጂና አማካሪዋን አነጋግሪ። ልክ ለእኔ እንደጻፍሽው ንገሪያት። ልጅቷን ሳትወጊ ልብሽ የሚያርፍ ይመስለኛል።

ኦሞው ግን ለልጅ ቆዳ ትንሽ በዛ። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥም ውሃና ሳሙና ይበቃል። የተቆረጠችው በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋ ትይዘዋለች። ወለል ላይ የፈሰሰ ደም ካለ ፌስታል ወይም ጓንት በእጅሽ አድርገሽ በጨርቅ ጥረጊ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ መወልወል ነው። ይኼን የእህትሽ ደም ስለሆነ አይደለም የምልሽ፤ የማንም ደም ቢሆን እንዲሁ ነው። መክተፊያው ታጥቦ ይመለስ ነበር። አሁን ሄዷል፤ ሌላ ግዢ።

አሁን ወደ ስኒው።

ኤችአይቪ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርባቸው ፈሳሾች ጥቂት ናቸው። ደም፣ የወንድ ዘር ፈሳሽ፣ የሴት ብልትና የፊንጢጣ ፈሳሽ፣ የጡት ወተት። መንገዶቹም ጥቂት ናቸው። ያለ ኮንዶም የሚደረግ ግብረ ሥጋ ግንኙነት፤ በመርፌ፣ በምላጭና በመሰሉት ስለቶች መጋራት፤ ያልተመረመረ ደም መውሰድ፤ ከእናት ወደ ልጅ ደግሞ በእርግዝና፣ በምጥና በማጥባት። አለቀ። በምራቅ፣ በላብ፣ በእንባ አይተላለፍም። ስለዚህ ስኒ፣ ሳህን፣ መሶብ፣ ፎጣ፣ ሽንት ቤት፣ አልጋ፣ ባና አያስተላልፉትም። መተቃቀፍም፣ ጉንጭ መሳሳምም፣ ማሳልም እንደዚያው። ጉርሻም አያስተላልፍም። ጉርሻን ለብቻው ያነሣሁት በኛ ቤት ሰው የሚቀርበውም የሚርቀውም በጉርሻ ስለሆነ ነው። ለመሆኑ እህትሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያጎረስሻት መቼ ነው?

ስለ ቁንጫው ሳነብ ሳቄ መጣ፤ በአንቺ እንዳይመስልሽ። የመንዝን ቁንጫ የሚያውቅ ሰው ጥያቄሽ ተገቢ መሆኑ ይገባዋል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ የወባ ትንኝ አለ፤ ብዙ ሰው ስለ ትንኝ ይጠይቀኛል። ሁለቱም አያስተላልፉም። ትንኝ ስትነክስሽ የምታስገባው የራሷን ምራቅ ነው እንጂ ቀድማ ከሌላ ሰው የጠጣችውን ደም አይደለም። የጠጣችው ሆዷ ውስጥ ይፈጫል፤ ቫይረሱም አብሮ ያልቃል። ኤችአይቪ የሚራባው በሰው ሴል ውስጥ ነው፤ ቁንጫ ሆድ ውስጥ ቤት የለውም። ወባ ከትንኟ ጋር አብሮ መኖር ስለሚችል ነው የሚተላለፈው። ባናውን ፀሐይ ላይ አስጪው፤ እሱም ለማሳከኩ ነው።

«አይታይም» ስላሏት ነገር። ይኼን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ብዙዎች ይፈሩና ሳይጠይቁት ይቀራሉ። እህትሽ አልዋሸችሽም። ሐኪሞቹ የሚለኩት ቫይራል ሎድ ይባላል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ቫይረስ እንዳለ መቁጠር ማለት ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይባዛ ያግደዋል። በትክክል ከተወሰደ በወራት ውስጥ ቁጥሩ ይወርድና መሣሪያው ሊቆጥረው የማይችልበት ደረጃ ይደርሳል። ከሰውነት ግን አልወጣም። ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይተኛል።

መንዝ ያደግሽ ልጅ እሳት ሲዳፈን አይተሻል። እናትሽ ማታ ፍሙን ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች። ቤቱ ጨለማ ነው፣ ጭስ የለም፣ ብልጭታ የለም። እጅሽን ብታሳርፊበት እንኳ አያቃጥልሽም። ሲነጋ አመዱን ገለጥ አድርጋ እፍ ስትልበት ግን ይነሣል። የእህትሽ ኪኒን አመዱ ነው። በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ እሳቱን ታዳፍናለች። ብትተወው በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይቀጣጠላል።

ይኼ ነገር ወደ ትዳሯም ይወስደናል። ቫይረሱ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሶ እዚያው የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይኼን የዓለም ጤና ድርጅትም ይናገረዋል። አውሮፓ ውስጥ አንዳቸው ኤችአይቪ ያለባቸው፣ ሌላቸው የሌለባቸው 888 ጥንዶችን የተከታተለ ጥናት ነበር። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታተመ። ጥንዶቹ ያለ ኮንዶም የተገናኙት 58,000 ጊዜ ያህል ነው። መድኃኒት ከሚወስደው የትዳር ጓደኛው የተያዘ ሰው አንድም አልተገኘም። ልጅም እንዲሁ። ምንም ሕክምና ባይኖር፣ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ልጆች ከ15 እስከ 45ቱ ሊያዙ ይችላሉ። እናትየው መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች፣ ሕፃኑም መከላከያ ሽሮፑን ካገኘ ከ5 በታች ይወርዳል፤ እናትየው ከማርገዟ በፊት ቫይረሷ የማይታይ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በጡት ማጥባት ላይ «ዜሮ» ብዬ አልነግርሽም፤ እዚያ ላይ ክትትሉ ጥብቅ ነው። ግን «ትዳርም ልጅም ቀረባት» ያልሽውን ቃል እባክሽ ከአፍሽ አውጪው። እሷ ሰምታው ይሆን? ካልሰማችሽ እሰየው።

አንቺን አልፈርድብሽም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ኢትዮጵያ ውስጥ የኤድስ ሕመምተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሪፖርት የተደረገው በ1978 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 19 ዓመት አለ። በነዚያ ዓመታት ያደግነው የራስ ቅል የተሣለበት ፖስተር እያየን ነው። አንቺም ልጅ ነበርሽ። ሰው ሲከሳ «ያ በሽታ ነው» ሲባል እየሰማሽ ነው ያደግሽው። ፍርሃቱን ያስተማሩን መድኃኒት ሳይኖር ነው። መድኃኒቱ ሲመጣ ፍርሃቱን መልሶ የወሰደልን የለም።

እኔም ከዚያ ወጥቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። በዚያ ዘመን አንዲት ጎረቤቴ ሞታ ለቅሶ ቤት ተቀመጥኩ። ውሃ በጣሳ ሲያዞሩ «ጾመኛ ነኝ» አልኩ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። የሟች እናት ጣሳውን እንደያዘች አየችኝ፤ ምንም ሳትል ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። ያቺን አስተያየት እስካሁን አልረሳኋትም።

ስለዚህ ምክሬ ይኼ ነው። ስለ ቫይረሱ ያለሽ ፍርሃት በአንድ ምሽት ንባብ ሊያልቅ ይችላል። የስኒው ነገር ግን አያልቅም፤ እሱ ላይ ሥራ አለብሽ። እህትሽ ስኒዎቹን አንድ በአንድ ገልብጣ ያየችው የሌላ ሰው ስኒ ላይም ምልክት ይኖር ይሆን ብላ ነው። አልነበረም።

ኩቴክሱን በአሴቶን ሰርቀሽ እንዳታጠፊው። ትናፍቂው ይሆናል፤ አንድ ጠዋት ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ፣ ማንም ምንም ባይል፣ ነገሩ ቢያልፍ። አያልፍም። ነጥቡን ስትፈልገው ታጣዋለች፤ ከዚያ የትኛው እንደሆነ አታውቅምና ጭራሽ ቡና ትተዋለች። መጀመሪያ ንገሪያት። ባለቤትሽ ሥራ የሚሄድበትን፣ ትልቁም ትምህርት ቤት የሚሆንበትን ቀን ምረጪ። ትንሿን ጎረቤት አቆያት። ቡናውን አንቺ አፍዪ። ከአቦሉ በፊት ያንን ስኒ አንሺና እጅሽ ላይ እንደያዝሽው ተናገሪ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «ይኼን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው። ማየትሽንም አይቻለሁ፤ ዝም ማለቴ ከነጥቡ ይብሳል። ይቅር በዪኝ።» እዚያው አቁሚ። «ግን ለልጆቼ ብዬ ነው እኮ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አትጨምሪ። እውነት ናት፣ አውቃለሁ፤ ግን ይቅርታውን ታበላሸዋለች። ከዚያ ቡናውን ቅጅና በዚያ ስኒ አንቺ ጠጪበት።

ታለቅስ ይሆናል። ትቆጣ ይሆናል። «ምንም አይደለም እታለም» ብላ ልታልፍም ትችላለች፤ እሱን ነው የምፈራልሽ። እንዲህ ካለች ቶሎ አትመኛት። ሳህኗን ወደ ማጀት ዕቃ ካልመለሰች ገና ነው። ጊዜ ስጫት፤ ጉርሻሽን ግን አታቋርጪ።

ልጆቹን ወደ አልጋዋ ለመመለስም መጀመሪያ እሷን ጠይቂ። ትንሿ ከዚያ ቀን ወዲህ አክስቷን ትሸሻለች? ካልሸሸች ዕድለኛ ናችሁ። ከሸሸች፣ የፈራችው ደሙን ሳይሆን ጩኸትሽን ነው። የአራት ዓመት ልጅ ማብራሪያ አትፈልግም። አንቺ የእህትሽን እጅ ይዘሽ «የአክስትሽ ጣት ዳነ፣ ነይ እዪው» ብትያት ይበቃታል። ስለ ኤችአይቪ ለልጆቹ መንገር አሁን ያንቺ ሥራ አይደለም።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ምሥጢሩ የማን ነው? የእህትሽ ነው። ለአንቺ የነገረችሽ ስለምታምንሽ ነው። በቤቱ ውስጥ ማንንም ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር ስለሌለ ባለቤትሽ ለጤናው ሲል ማወቅ የለበትም። በሌላ በኩል ትዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መኖር ከባድ ነው፤ እሱንም አልክድም። «ለምን አኮረፈች?» ብሎ እየጠየቀሽ ይሆናል። ለእሷ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ለእሱ መንገር ትፈልጊያለሽ? ከፈለግሽ ራስሽ ንገሪው፣ ወይ አብረን እንንገረው። ካልፈለግሽ አፌን ይዣለሁ።» እንቢ ካለች እንቢታዋ ይከበር። ባለቤትሽ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሲቆጣ ምሥጢር ያወጣል? አንድ ጠርሙስ ቢራ ሲይዝ ወሬ ያመልጠዋል? ይኼን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ከነከነኝ። «እናታችን ሰምታ» ብለሻል። ከማን ሰማች? እህትሽ ራሷ ነግራት ከሆነ ይቅርታ። አንቺ ከሆንሽ ግን ከስኒው ጋር ይኼም ይነሣ።

ጸበሉን በተመለከተ፣ የሸንኮራ ዮሐንስን ጸበል ስንት ሰው እያለቀሰ ሄዶበት እየሳቀ እንደተመለሰ እኔ አልነግርሽም። ትሂድ። ነገር ግን ኪኒኗን ይዛ ትሂድ። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና የኤችአይቪ መድኃኒቱ አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው መድኃኒቱን እየጣለ ይሄድ ነበርና ነገሩ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬም በጸበል ኪኒናቸውን የሚውጡ አሉ። ጾሙም አያግድም፤ አሁን አብዛኛው ሰው የሚወስደው በቀን አንዴ የሚዋጥ አንድ ኪኒን ነው፣ ዶሉቴግራቪር ያለበት፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ከእናትሽ ጋር ግን አትከራከሪ። መንዜ እናት በክርክር አትረታም። እህትሽ ከፈቀደች ለንስሐ አባታቸው ይነገርና እሳቸው ያስረዷት። ከአንቺ አንድ ወር ንግግር የሳቸው አንድ ቃል ይሻላል።

መድኃኒቷን አሁንም ከሸዋ ሮቢት ነው የምታመጣው? አልጻፍሽልኝም፣ ግን እንደዚያ ይመስለኛል፤ ሰው እንዳያየው ብሎ ሩቅ የሚከታተል ብዙ ነው። ከሆነ አስቢበት። ጣርማ በርን ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ኪኒን ሊቋረጥባት ይችላል፤ ይኼ ከስኒው ሁሉ የሚያስፈራኝ ነገር ነው። ክትትሏን ወደ ደብረ ብርሃን ማዛወር ትችላለች። ከምትከታተልበት ቦታ የዝውውር ወረቀት ይጽፉላታል፤ እዚያው ኤአርቲ ክፍል፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ማለት ነው፣ መጠየቅ ነው። መታየቱን ካልፈለገችና ባለችበት ከቀጠለች ደግሞ፣ ደኅና ለሆኑ ታካሚዎች እስከ 6 ወር የሚበቃ መድኃኒት በአንዴ የሚሰጥበት አሠራር አለ። ይጠይቁላት። የጉዞው ቀን ሲደርስ «አብሬሽ ልሂድ?» በያት። ደጅ ብትቀመጪም ይበቃል።

አንቺና ባለቤትሽስ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመራችሁት መቼ ነው? አትቆጪ። ትንሿን ስታረግዢ ክትትል ላይ ተመርምረሽ ይሆናል፤ እሱ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ባለቤትሽስ? ቤት ውስጥ የምትፈሪው አንድ የታወቀ፣ የታከመ፣ የተዳፈነ ቫይረስ ነው። ሰው በብዛት የሚያዘው ግን ካልተመረመረ ወይም ካልታከመ ሰው ነው። ጣት ተወግቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ ውጤት ይሰማል። በቅርቡ የሚያጠራጥር ነገር የገጠመው ሰው ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ መድገም አለበት፤ ምርመራው ቶሎ ላያገኘው ይችላል።

መጠንቀቅ ካማረሽ ደግሞ እውነተኛው ቦታ ላይ ተጠንቀቂ። ምላጭ የየራስ ይሁን፤ የጥርስ ብሩሽም። ይኼ ለሁላችሁም ነው፣ ባለቤትሽንም ጨምሮ። መንዝ ስትሄዱ ለልጆቹ እንጥል እናስቆርጥ የሚል ሰው ቢመጣ፣ በአንድ ምላጭ ሦስት ልጅ የሚገርዝ ቢመጣ፣ ድድ የሚነቅስ ቢመጣ፣ ያን ጊዜ እንደዚያ ቀን ጩኺ። ያን ጊዜ ጩኸትሽ ቦታው ነው።

የኪኒኑን ጠርሙስ ስለሞላው ጥጥ ሳነብ ነው ብዙ የቆየሁት። መድኃኒቱን ለማሳደር ጥጥ አያስፈልገውም፤ ጠርሙሱ ውስጥ እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ወይም ብልቃጥ ካለች እሷ ትበቃለች፣ እንዳትጥላት። ጥጡ ለአንቺ ጆሮ የገባ ነው። ከእህትሽ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኳ ሲጮኽ አትነሺ፣ አትከተያት፣ «ዋጥሽ?» ብለሽም አትጠይቂያት። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። ትጠጣበታለች፣ ወይ ትተወዋለች። በማግሥቱም አስቀምጪ።

ስለ ባለቤትሽ ምን እንደወሰናችሁ ጻፊልኝ። እሱ ላይ ገና ያልነገርሽኝ ነገር ያለ ይመስለኛል።

እትዬ